የጀልባው ዓሣ ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ስትራክቱ እንዴት ይጻፋል?

በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ሰዎች በሚገናኙበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ ከባሕር ዳር የተለጠፈ ጥያቄ ሰሞኑን ረጅም ክር አወጣ። መልሶቹ ከሠላሳ በላይ ናቸው። ቁም ነገር አለው፣ ጨዋታ አለው፣ ስድብ ለመሆን ትንሽ የቀረውም አለ። ሁሉን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው እንደ አመጣጡ ልተርከው። የተደጋገመውን ዘልዬዋለሁ።

ጠያቂው ጣና ዳር ዓሣ ለሚያጠኑ ሰዎች ትንሽ ፕሮግራም እየጻፈ ነው። ጀልባ ወደ ዳር ሲወጣ ቁጥሩ ይመዘገባል። ከዚያ የያዘው ዓሣ አንድ በአንድ ይመዘንና ክብደቱ ይገባል። ጣጣው የዓሣው ብዛት ነው። አንዱ አምስት ቆሮሶ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ቀንቶት ዘጠና ያራግፋል።

ልጁ መጀመሪያ ስትራክቱ (የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚይዝ ጥቅል) ውስጥ ሁለት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አስቀመጠ፦ የጀልባው ቁጥርና የዓሣው ብዛት። ከሥራቸው የክብደት አሬይ (የቁጥሮች ድርድር) ጻፈና ርዝመቱ በሚገባበት ቅንፍ ውስጥ ያንኑ ብዛት አስገባ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም ብሎ ድርቅ አለ። እላዩ ያለው መስመር ላይ ተጽፎ እያለ እንዴት አያውቀውም? ልጁን ያበገነው ይህ ነው። ቢቸግረው አሬዩን ወደ ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ ወደሚይዝ አባል፣ ቀየረ፤ ሜሞሪ በሚሰጠው በማሎክ ቦታ ጠየቀ፤ ሠራለት። ማታ መዝገቡን በኤፍራይት ወደ ፋይል ጻፈ። ጠዋት ከፍቶ ሊያነበው ሲል ፕሮግራሙ ክራሽ አደረገ። እና ጥያቄው፦ መጠኑ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ብቻ የሚታወቅ አሬይ ስትራክት ውስጥ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም?

1ኛው መልስ ሰላምታ የበዛበት፣ ጨዋ መልስ ነው። ለዓሣው ሥራ ልጁን ካመሰገነ በኋላ፣ በሲ የስትራክት መጠን ኮምፓይል ሲደረግ መታወቅ እንዳለበት አስረዳው። ስትራክቱ ውስጥ ያለ አንድ አባል የሌላውን አባል ርዝመት መወሰን አይችልም። አባሉ ራሱን የቻለ ቫሪያብል ስላልሆነ ኮምፓይለሩ በዚያ ቦታ በስሙ ሲጠራ አያገኘውም።

2ኛው ትንሽ አረመው። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ላይ፣ ፋንክሽን ውስጥ የተጻፈ ስትራክት ከሆነና ርዝመቱ ቀድሞ ከታወቀ ሌላ ቫሪያብል ከመጣ፣ ኮምፓይለሩ ይቀበላል። ግን ይህ የጂሲሲ የራሱ ጭማሪ ነው። ክላንግ የሚባለው ሌላው ኮምፓይለር አይቀበለውም፤ የቋንቋው ስታንዳርድም አያውቀውም። የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሰዎች እንኳን ርዝመታቸው ሲሮጥ የሚወሰን አሬዮችን ከኮዳቸው ለቅመው አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 4.20 እትም ላይ ጨርሰዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ አትግባ ብሎ መከረው።

3ኛው ወደ ክራሹ ሄደ። ልጁ ፋይል ላይ የጻፈው ክብደቱን ሳይሆን አድራሻውን ነው። በፖይንተር የተሠራ ስትራክት ውስጥ ያለው የመጋዘን ቁልፍ ብቻ ነው፤ እህሉ ሌላ ቦታ ነው። ማታ ቁልፉን ፋይል ውስጥ ከተተው፣ ፕሮግራሙ ተዘጋ፣ መጋዘኑ ፈረሰ። ጠዋት በዚያ ቁልፍ የሚከፈት በር የለም። ክሩ ላይ ከተሰጡ ማብራሪያዎች ይህን የወደድኩት ለጀማሪ ስለሚገባ ነው።

ልጁ የፈለገውን ያገኘው 4ኛው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ስታንዳርድ፣ ሲ99 የሚባለው፣ የስትራክቱ የመጨረሻ አባል ቅንፉ ባዶ የሆነ አሬይ እንዲሆን ይፈቅዳል። ሁለት ደንብ አለው፦ መጨረሻ ላይ መሆን አለበት፣ ከፊቱም ቢያንስ አንድ ስም ያለው አባል መኖር አለበት። ሳይዝኦፍ ስትራክቱን ሲለካ ያንን አሬይ አይቆጥረውም። ቦታውን የምትጨምረው አንተ ነህ፣ ማሎክ ስትጠራ። መልስ ሰጪው በልጁ ምሳሌ አሰላለት። ሁለቱ ኢንቲጀሮች አራት አራት ባይት ናቸው፣ አንድ ላይ 8። ሃያ ሦስት ዓሣ ካለ፣ አንዱ ክብደት 4 ባይት ስለሆነ 92። በጠቅላላው 100 ባይት፣ አንድ ማሎክ፣ አንድ ፍሪ (ሜሞሪ መልቀቂያ)፣ አንድ ኤፍራይት። በፖይንተሩ መንገድ ግን በ64 ቢት ማሽን ስትራክቱ ብቻውን 16 ባይት ይሆናል፤ 92ቱ ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይለቀቃል፣ ወደ ፋይልም ለብቻው ይጻፋል።

5ኛው ራሱ ጠያቂው ነው። ሞክሮት ሠርቶለታል፤ ደስታው ከጽሑፉ ያስታውቃል። ወዲያው ግን ሌላ ጥያቄ አስከተለ። የቀኑን ጀልባዎች በሙሉ በአንድ አሬይ ሊደረድር ሲል ኮምፓይለሩ አጉረመረመበት። 6ኛው አጭር መልስ ሰጠ፦ እንዲህ ያለ ስትራክት በአሬይ አይደረደርም፣ እያንዳንዱ ርዝመቱ ስለሚለያይ የሁለተኛው መነሻ አይታወቅም። ስትራክቶቹን ሳይሆን ወደነሱ የሚያመለክቱ ፖይንተሮችን ደርድር።

7ኛው ላይ አንድ አንጋፋ ሰው ገቡ። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። በሳቸው ጊዜ ባዶ ቅንፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አሬዩ አንድ ቦታ ብቻ እንዳለው ተደርጎ ይጻፍና ማሎክ ላይ ትርፍ ይጠየቃል፤ ሒሳቡ ላይ አንድ መቀነስ እንዳይረሳ ነው እንጂ ይሠራ ነበር። የሲ አባት ዴኒስ ሪቺ ይህን ብልሃት ከኮምፓይለሩ ጋር ያለ ቅጥ መወዳጀት አድርጎ እንዳየውም አስታወሱ። ራሳቸው ግን ስንት ዓመት ሠርተውበታል፤ አንድም ቀን ጥሏቸው አያውቅም። ከሥራቸው አንድ ወጣት፣ በአክብሮት ቢጀምርም፣ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው ካለ ኮዱን እንደማይቀበል ተናገረ። ኮምፓይለሩ ያ አሬይ እውነትም አንድ ቦታ ብቻ አለው ብሎ የማመን መብት አለው። ያን አምኖ ኮዱን ሲያፋጥነው ጉድ ይፈላል። ጋሼ አልመለሱም። ላይክ ብቻ አደረጉለት።

9ኛው ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ መልስ ነው እላለሁ። ጻፊዋ ባንክ ሲስተም ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚከራከረው የትኛው ያምራል በሚለው ላይ ነበር። እሷ ጥያቄውን ገለበጠችው፦ መዝገቡ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ያድጋል ወይስ አያድግም?

ካላደገ ባዶ ቅንፉ ይሻላል። ዓሣው ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው ማሎክ የሚጠራው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጨመር የለም። መዝገቡ አንድ ወጥ ሆኖ ይኖራል፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይለቀቃል። ካደገ ግን ነገሩ ይዞራል። ዓሣው እየተመዘነ አንድ በአንድ የሚጨመር ከሆነ የተጠየቀውን ሜሞሪ የሚያሰፋውን ሪያሎክ መጥራት ግድ ነው። ሪያሎክ ደግሞ ቦታ ሲጠበው ሁሉን አንስቶ ሌላ ሜሞሪ ላይ ያሰፍራል። በባዶ ቅንፍ የተሠራ ከሆነ የሚሰደደው ስትራክቱ በሙሉ ነው፣ የጀልባው ቁጥርም ጭምር። ያንን ስትራክት በፖይንተር የያዘ ሁሉ፣ ዝርዝሩም፣ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ፋንክሽንም፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሲጠቁም ይቀራል። በፖይንተር አባል ከሆነ ግን የሚሰደደው የክብደቱ አሬይ ብቻ ነው። ስትራክቱ ባለበት ይቆያል፤ አዲሱን አድራሻ አንድ ቦታ ላይ መቀየር ይበቃል።

ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ በኋላ ውይይቱ እዚያው ቢያበቃ ይቻል ነበር። ግን ልጅቷ በምሳሌዋ ላይ የማሎክን ውጤት ካስት አድርጋ፣ ማለትም ዓይነቱን በግልጽ ቀይራ፣ ጻፈችው። ሲ የሚጽፉ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቦታ ላይ ይህን ማድረግ እሳት መለኮስ ነው።

10ኛው ካስት አያስፈልግም አለ። ልክ ነው፤ በሲ ማሎክ የሚመልሰው ፖይንተር ሳይነገረው ይቀየራል። 11ኛው የሷ ኮድ ካስት ግድ በሚለው በሲ ፕላስ ፕላስም ኮምፓይል እንዲሆን አስባ ይሆናል ብሎ ተከላከለላት። 12ኛው በዚህ ላይ ሙድ ያዘበት፦ ባዶ ቅንፉ ራሱ በሲ ፕላስ ፕላስ ስታንዳርድ ውስጥ የለም፤ ታዲያ ካስቱ ማንን ሊያድን ነው? 13ኛው 12ኛውን መሃይም እስከማለት ደረሰ። እንግዲህ ስለ ቆሮሶ የተጀመረ ጉዳይ ነው። ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሳ፣ ከልማድ እንደጻፈችውና ቢወጣ ምንም እንደማይጎድል ነግራቸው ሄደች። እነሱ ግን ሳትኖርም ቀጠሉ።

14ኛው ላይ የሃርድዌር ሰው መጣ። እሱ ማሎክ ራሱ አይዋጥለትም። ሚዛኑ ላይ የሚገጠም ትንሽ ቦርድ ቢሆንስ? አርዱዊኖ ኡኖ አር3 የሚባለው ቦርድ ያለው 2048 ባይት ሜሞሪ ነው። እዚያ ላይ ሜሞሪ እየጠየቁና እየለቀቁ መሥራት ውሎ አድሮ ቦታውን ይቦጫጭቀዋል። ስለዚህ አሬዩን 64 አድርገህ ቁረጠውና ተገላገል አለ። እዚያ ኢንቲጀር 2 ባይት ስለሆነ አንዱ መዝገብ 260 ባይት ይሆናል፤ ቢበዛ ሰባት መዝገብ ይይዛል። ከዚያ በላይ ከመጣ ወደ ካርድ እየጻፉ ማጽዳት ነው።

15ኛው በዚህ ተቆጣ። ልጁ ላፕቶፕ ላይ እየሠራ አርዱዊኖ ምን አመጣው? ደግሞ 64 ብሎ የቆረጠ ሰው ጣናን አያውቅም። ክረምት ሲገባ የላቢዮባርበስ ወገኖች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይጎርፋሉ። የወንዙ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ከዚያ በላይ ሊያወጣ ይችላል። ተመራማሪ አብዝቶ የሚፈልገው ደግሞ የዚያን ሰሞን መረጃ ነው። 64ኛው ላይ የሚያቆም ፕሮግራም በጣም የሚያስፈልገውን ይጥላል። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነጥቡ ግን ይዞታል። የሃርድዌሩ ሰው ቢያንስ ሲሞላ የሚጮህ ነገር ይደረግለት ብሎ ትንሽ ለዘብ አለ።

ዓሣ ከተነሳ በኋላ እንግዲህ ማን ይመልሰው። 16ኛው ቆሮሶ አንድ በአንድ የሚመዝን አስጋሪ አይቶ እንደማያውቅ፣ ጠቅላላ ኪሎ ብቻ ቢያዝ አሬይ የሚባል ነገር እንደማያስፈልግ ጻፈ። ጠያቂው ገበያና ጥናት ይለያያል፣ አጥኚዎቹ የእያንዳንዱን ይፈልጋሉ ብሎ መለሰ። 18ኛው ቆሮሶ ድሮ ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ገባ የሚል ምሬት ነው። 19ኛው ሙሉ ጥብስ ከአዋዜ ጋር የት እንደሚጥም። 20ኛው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም። በዚህ ላይ የወረደውን አልተርክም፤ የካስቱ ጠብ ከዚህ አንጻር ፍቅር ነበር። የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሦስት መልስ ሰርዞ፣ ሃይማኖት ያለው ሌላ ክር ይክፈት ብሎ በጨዋ ደንብ ዘጋው።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን 24ኛው ነው። ሰውየው ቀዝቀዝ ያለ፣ ግን የሚያስፈራ ነገር ጠየቀ። የዓሣው ብዛት ከፋይል ሲነበብ ማን ያረጋግጠዋል? ፋይሉ ቢበላሽና ቁጥሩ 1,073,741,824 ሆኖ ቢነበብ፣ በ32 ቢት ማሽን ላይ በ4 ሲባዛ ሒሳቡ ሞልቶ ይፈስና ዜሮ ይሆናል። ማሎክ የሚጠየቀው 8 ባይት ብቻ ነው፤ በደስታ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ግን ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዓሣ አለኝ ብሎ ያነባል። ከርነል ውስጥ ለዚሁ ስሌት ተብሎ የተሠራ፣ ሲፈስ የሚያውቅ ማክሮ አለ። እኛ ግን ከማባዛታችን በፊት ጣሪያ ማስቀመጥ ይበቃናል፤ በአንድ ጀልባ አሥር ሺህ ዓሣ አይመጣም። 25ኛው ጂሲሲ 15 ላይ አንድ ጥሩ ነገር እንደመጣ ጨመረ፦ ባዶ ቅንፉ ርዝመቱ በየትኛው አባል እንደሚቆጠር ለኮምፓይለሩ መንገር ይቻላል። አዳዲሶቹ ክላንጎችም ያውቁታል። የልጁ የመጀመሪያ ምኞት ማለት ነው፣ በጓሮ በር የመጣ። ቦታውን ግን አሁንም ራስህ ነህ የምትጠይቀው።

26ኛው ላይ ጠያቂው አዲስ ጭንቅ ይዞ ተመለሰ። መዝገቦቹን በጀልባ ቁጥር ቅደም ተከተል ሲደረድር ዓሣው ተዘበራረቀ። የጀልባ 7 ክብደት ለጀልባ 12 ሆነ። እንዲያውም አንዳንዱ ጀልባ ጭራሽ ያልተመዘነ ዓሣ አለው፤ ክብደቱ ዜሮ ነጥብ ምናምን የሆነ፣ ወይም እስከ ሰማይ የሚደርስ። ኮዱን ለጠፈው። ሁለት መዝገብ ሲያቀያይር አንዱን ወደ ጊዜያዊ ስትራክት ይገለብጣል፣ በእኩል ምልክት።

የባንኳ ልጅ ናት የመለሰችው። በእኩል ምልክት ሲገለበጥ የሚሄደው ሳይዝኦፍ የሚያውቀው 8 ባይት ብቻ ነው። የጀልባው ቁጥርና የዓሣው ብዛት ቦታ ተለዋወጡ፤ ክብደቶቹ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። የከፋው ብዛቱ ነው። ዘጠና የሚለው ቁጥር አምስት ዓሣ ብቻ ለመያዝ በተጠየቀ ሜሞሪ ላይ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ ስድስተኛውን ሲያነብ ከራሱ ግቢ ወጥቷል፤ እነዚያ ጉደኛ ክብደቶች የሌላ ሰው ባይቶች ናቸው። መፍትሔው እጁ ላይ ነው፦ ዝርዝሩ የፖይንተር ስለሆነ ፖይንተሮቹን ብቻ አቀያይር፣ መዝገቦቹን አትንካ። ደግሞ የሜሞሪ ስህተት በሚያጋልጠው በአድሬስ ሳኒታይዘር ኮምፓይል አድርገህ አንዴ አስሮጠው፣ የመስመሩን ቁጥር ጠርቶ ይነግርሃል አለችው። ልጁ አስሮጠ፤ ነገረው።

28ኛው ሰዓቱንም መመዝገብ ከፈለግህ ተጠንቀቅ የሚል ነው። 8 ባይት የሆነ ሰዓት፣ ከዚያ 4 ባይት የሆነ ብዛት፣ ከዚያ ባዶ ቅንፍ ቢሆን፣ በተለመዱት 64 ቢት ማሽኖች ሳይዝኦፍ 16 ይላል፤ ክብደቶቹ ግን 12ኛው ባይት ላይ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ስሌቱ ስህተት ነው ብሎ ደመደመ። 29ኛው አይደለም፣ አራት ባይት ትርፍ ጠየቅህ እንጂ አልጎደለብህም ብሎ አስተካከለው። የሚያጣላው ሲጻፍ በአንዱ ስሌት፣ ሲነበብ በሌላው ከተሠራ ብቻ ነው። 30ኛው ይህን ሁሉ ጣጣ ፓይተን ውስጥ በአንድ መስመር እንደሚሠራው ለማሳየት ገባ። የገጠመውን ትገምታላችሁ።

ከጎርጎራ የጻፈ ሰው ደግሞ ፋይሉ ወደ ሌላ ዓይነት ማሽን ቢሄድ ይነበባል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱ ባይቶቹ በሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ይወሰናል ነው። ላፕቶፕም ዛሬ በኪስ ያለው ስልክም ትንሹን ባይት ስለሚያስቀድሙ በዚያ በኩል አይጣሉም። ሌላ ዓይነት ማሽን ካለ ግን ቅደም ተከተሉን ራስህ ወስነህ አንድ በአንድ መጻፍ ነው።

መጨረሻ ላይ ጠያቂው የተስተካከለውን ኮድ ለጥፏል። ቆንጆ ነው። መጀመሪያ 8ቱን ባይት ያነባል፤ ብዛቱ ከዜሮ እስከ አሥር ሺህ መሆኑን ያያል፤ ከዚያ ማሎክ ይጠራል፤ ባዶ ከመለሰለት ይመለሳል፤ ቀጥሎ ክብደቶቹን በአንድ ኤፍሪድ ይጭናል። ካስቱንም አውጥቶታል። ከሥሩ ያለው የመጨረሻው መልስ የ15ኛው ሰውዬ ነው፣ ያ ቁጡው። ሁለተኛው ኤፍሪድ ስንት ክብደት እንዳነበበ አልተጠየቀም ይላል። መብራት ሄዶ ፋይሉ ግማሽ ላይ ተቆርጦ ቢሆን፣ ብዛቱ ሃያ ሦስት ይላል፣ የተነበበው ግን አሥር ብቻ ነው፤ የቀሩት አሥራ ሦስቱ ማሎክ ሲሰጥ የነበረባቸው ቆሻሻ ነው። ልጁ ለዚህ እስካሁን አልመለሰም።